የተከፋው አንባቢ የዘር ሐረግ

አንባቢ የማያውቀው ሰው የጻፈው ደካማ መጽሐፍ ቢገጥመው ከድኖ ይተወዋል እንጂ አይከፋም፤ የሚከፋው የሚወደው ደራሲ ሲያሳዝነው ነው። ስለዚህ የአንባቢ ቅሬታ፣ ማለትም ከደራሲው የጠበቀውን ሳያገኝ ሲቀር የሚያድርበት ረዘም ያለ ኩርፊያ፣ የሚጀምረው ቅር ካሰኘው መጽሐፍ ሳይሆን ከዚያ በፊት ካስደሰተው መጽሐፍ ነው። የቅሬታን ምንጭ የሚመረምር ሰው ተከሳሹን ደራሲ ለጊዜው ትቶ ከሳሹን አንባቢ መጠየቅ ይኖርበታል፦ መቼ ወደደ፣ በማን ድምፅ ተማረከ፣ ቃል የገባለትስ ማን ነበር? ይህ ወግ፣ ማለትም ጨዋታና ምርመራ የተቀላቀሉበት አጭር ድርሰት፣ የተከፋውን አንባቢ የዘር ሐረግ ለመቁጠር የሚሞክር ሲሆን፣ ለናሙና የሚይዘው ስለ እኅትማማቾች የተጻፈ ልብ ወለድ የሚፈልገውን፣ ሲያገኘውም የሚያኮርፈውን አንባቢ ነው።

ለእንዲህ ያለው ምርመራ ቦኬ መልካም መነሻ ናት። ቦኬ በምዕራብ ሐረርጌ ከሚገኙት ወረዳዎች አንዷ ስትሆን፣ የዞኑ ዋና ከተማ ጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በጨርጨር ተራሮች ላይ ትገኛለች። የአካባቢው ሕዝብ የእናት ቋንቋ ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛ የሚደርሰው በትምህርት ቤት፣ በሬዲዮ፣ በገበያና በመሥሪያ ቤት በኩል ሲሆን፣ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ትምህርቱ ራሱ ቁቤ በሚባለው በላቲን ፊደል በሚጻፈው ኦሮምኛ መሰጠት ስለ ጀመረ የአማርኛ ልብ ወለድ በዚያ ቤት እንግዳ ነው ማለት ይቻላል። እንግዳን የሚወድ ሰው ፍቅሩን ከዘመድነት አላገኘውም። ጎጃምን ያልረገጠ የቦኬ አንባቢ በሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር ውስጥ ያሉትን ዲማንና ማንኩሳን እንደ ሠፈሩ የሚያውቃቸው ከሆነ፣ ያሳወቀው መጽሐፍ ብቻ ነው፤ ስለዚህም የመጽሐፍ ፍቅር ከሌላ ፍቅር ጋር ሳይደባለቅ እንዴት እንደሚበቅልና እንዴት ወደ ቅሬታ እንደሚዞር በእሱ ላይ አጥርቶ ማየት ይቻላል።

በአካባቢው መጽሐፍ የሚዳኝበት ችሎትም የራሱ ሥርዓት አለው። ችሎቱ በርጫ ይባላል፤ በርጫ ሰዎች ከቀትር በኋላ ተሰብስበው ጫት እየቃሙ የሚጨዋወቱበት ጉባኤ ነው። በመጀመሪያው ሰዓት፣ ቅጠሉ ገና ሥራውን ሳይጀምር፣ ስለ ደራሲው የሚሰጠው አስተያየት ቁጥብ ነው። ምርቃና ሲመጣ፣ ማለትም ቃሚውን ንቃትና የንግግር ፍላጎት ሲሞላው፣ ደራሲው ታላቅ ይሆናል፤ ያልጻፈው ምዕራፍ ሳይቀር ይመሰገንለታል፤ ቀጣዩ መጽሐፉም ገና ሳይታተም በተሰብሳቢዎቹ አፍ ተደርሶ ያልቃል። ሲመሽ ዱካክ ይከተላል፤ ዱካክ ምርቃናው ሲለቅ የሚተካው ድብታና ሥጋት ሲሆን፣ በዚያ ሰዓት ያው ደራሲ የቀለጠ፣ የደከመ፣ ገንዘብ ያሳሳተው ሰው ሆኖ ይገኛል። መጽሐፉ በሦስቱም ሰዓት አንድ ነው። ይህ የበርጫ ቀልድ ቢመስልም ስለ አንባቢ ሁሉ የሚናገረው ቁም ነገር አለ፦ ቅሬታው የሚለካው በመጽሐፉ ድካም ሳይሆን አስቀድሞ በተደረሰበት የስሜት ከፍታ ነው።

በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ከሁሉ የላቀው ከፍታ የተገነባው በ1958 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብርን አሳተሙ፤ ዕድሜያቸው 56 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት አርበኛ፣ በጣሊያን አገር የጦር እስረኛ፣ ዲፕሎማትና ሚኒስትር ሆነው አሳልፈዋል። መጽሐፉን ማንበብ የቻለው ሰው ቁጥር ግን በፊደል ዕውቀትና በኪስ የተወሰነ ነበርና ፍቅሩን ወደ አገር ፍቅርነት ያሳደገው ሌላ ሰው ሆነ። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ታሪኩን በተከታታይ ሲተርከው፣ ልብ ወለዱ ለማንበብ ጊዜም መጽሐፍም ወደሌላቸው ቤቶች ገባ፤ ፊታውራሪ መሸሻ የሚቆጡበት ድምፅ፣ ጉዱ ካሣ የሚያሽሟጥጥበት ድምፅ፣ ሰብለ ወንጌል የምትተክዝበት ድምፅ በአድማጩ ጆሮ ውስጥ ቦታ ቦታውን ያዘ። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ገዝቶ ያነበበ ሰው ሁሉ ያነበበው በወጋየሁ ድምፅ ነው። እዚህ ላይ አንድ ስውር ውል ተፈጸመ፤ አንባቢው ፍቅሩን ለሁለት ሰዎች ሰጥቶ ዕዳውን ለአንዱ፣ ለደራሲው ብቻ ጻፈ።

ዕዳው የተጠየቀው ከ16 ዓመት በኋላ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1974 ዓ.ም. ወንጀለኛው ዳኛን፣ በ1980 ዓ.ም. ደግሞ የልምዣትን አሳተሙ፤ የመጀመሪያው ሲወጣ 72፣ ሁለተኛው ሲወጣ 78 ዓመታቸው ነበር። ከሁለቱ አንዱም የታላቁን ተወዳጅነት አላገኘም። ታላቅ ወንድም ሚኒስትር በሆነበት ቤት አስተማሪ የሆነ ታናሽ እንደ ሰነፍ ይቆጠራል፤ ሁለቱ መጻሕፍትም የተቆጠሩት እንዲሁ ነው፤ ሌላ ደራሲ ቢጽፋቸው ኖሮ በአክብሮት የሚጠቀሱ፣ እሳቸው ስለ ጻፏቸው ግን በትከሻ ንቅናቄ የሚታለፉ ሆኑ። በመካከሉ ያለፉት 16 ዓመታት በ1966 ዓ.ም. አብዮት የተሰነጠቁ በመሆናቸው የአንባቢውም ልብ እንደ ድሮው አልነበረም፤ ፊታውራሪዎቹ የነበሩበት ሥርዓት ራሱ ፈርሷል። አንባቢው ግን ዓለም ሁሉ ተለውጦ ደራሲው ብቻ በ1958 ዓ.ም. ቆሞ እንዲጠብቀው ፈለገ፤ ቢቆምለት ኖሮ ደግሞ «ራሱን ደገመ» ብሎ ያማው እንደነበር አያጠራጥርም።

ከእነዚህ አንባቢዎች መካከል የተለየ ምኞት ያለው አንድ ወገን አለ፤ እሱም እኅትማማቾችን በልብ ወለድ ውስጥ የሚፈልገው ነው። ምኞቱ እንግዳ አይደለም። ከጭሮ እስከ ገለምሶ፣ ከሂርና እስከ ቦኬ ባሉት ገበያዎች ጫቱን፣ አትክልቱንና ወተቱን ይዘው የሚቀመጡት በብዛት ሴቶች ናቸው፤ በየቤቱም አንዷ እኅት ትምህርቷን ስትቀጥል ሌላዋ ቤቱን ይዛ ትቀራለች፤ አንዷ ቀድማ ስትዳር የሌላዋ ዕድል ይከፈታል ወይም ይዘጋል። ለልብ ወለድ ከዚህ የተሻለ ጥሬ ዕቃ አይገኝም፤ ነገር ግን የታወቁትን የአማርኛ ልብ ወለዶች የቤተሰብ መዝገብ የሚያገላብጥ ሰው እኅትማማቾችን በዋና ስፍራ ብዙም አያገኝም። በ1900 ዓ.ም. በሮም የታተመውና የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሆነው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ጦቢያ መንትዮች አሉት፤ መንትዮቹ ግን ወንድምና እኅት ናቸው፣ እኅቲቱም ከታሪኩ ብዙውን የምታልፈው እንደ ወንድ ለብሳ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ያሳተሙት ልብ ወለድ የሚያተኩረው በብርሃኔና በጽዮን ሞገሳ ጋብቻ ላይ ነው። የፍቅር እስከ መቃብሯ ሰብለ ወንጌልም ለፊታውራሪ መሸሻና ለወይዘሮ ጥሩ አይነት ብቸኛ ልጅ ናት።

ይህ ብቸኝነት በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም። የቀድሞው የአማርኛ ልብ ወለድ የሴትን ልጅ ታሪክ የሚያየው በጋብቻ በር በኩል ነበር፤ የቤቱ ክብር፣ ርስትና የዘር ኩራት በአንዲት ልጅ ላይ ሲጫን ፍቅሯና የአባቷ ፈቃድ የሚጋጩበት ነጥብ ይከራል፣ ውድቀቷም የቤቱ ሁሉ ውድቀት ይሆናል። ሰብለ አንዲት ታናሽ እኅት ቢኖራት ኖሮ ፊታውራሪው አንዷን ለመኳንንት ድረው በሌላዪቱ ላይ ትንሽ ሊለዝቡ ይችሉ ነበር፤ ቢያንስ ሰብለ ሌሊት የምታማክራት ሰው ታገኝ ነበርና መከራዋ በግማሽ ይቀንስ ነበር። መከራን መቀነስ ለኑሮ መልካም ሲሆን ለአሳዛኝ ልብ ወለድ አይበጅም። እኅትማማቾችን ለመጻፍ ጋብቻን ከመሐል አውጥቶ ሴቶች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበትን፣ የሚቀናኑበትንና የሚደጋገፉበትን ጓዳ ማየት ያስፈልጋል፤ በወንዶች እጅ የተጀመረው ልብ ወለድ ደግሞ ወደ ጓዳ የሚገባበት ልማድ አልነበረውም።

ስለዚህ እኅትማማቾችን የሚፈልግ አንባቢ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛው እየተደገፈ ወደ ውጭ መሄዱ አይቀርም፤ እዚያም የቅሬታውን ቅድመ አያት ያገኛታል። የእንግሊዟ ደራሲት ጄን ኦስተን ስሜታዊነትንና አስተዋይነትን በሚያነጻጽረው የመጀመሪያ ልብ ወለዷ በእ.ኤ.አ. 1811 የዳሽውድ እኅቶችን፣ ኩራትንና ጭፍን ግምትን በሚመለከተው በሁለተኛው በ1813 አምስቱን የቤኔት እኅቶች አቀረበች። በሁለተኛው መጽሐፍ ውስጥ ጄንና ኤልሳቤጥ የሚባሉት ሁለቱ ታላላቆች የሚዋደዱበት፣ የሚተማመኑበትና የሚሳሳቁበት መንገድ እጅግ ስለሚጥም፣ አንባቢ በጥንዶቹ ፍቅር የሚማረከውን ያህል በእኅትማማቾቹ ፍቅር ይማረካል። በ1814 ማንስፊልድ ፓርክ ወጣ። መጽሐፉ ገና ከመጀመሪያው ሦስት እኅቶችን ያስተዋውቃል፤ አንዷ ባለጸጋ፣ አንዷ ቄስ፣ አንዷ ደግሞ ድኻ የባሕር ኃይል መኮንን አግብተው የተለያዩና የተኳረፉ ናቸው። በቀጣዩ ትውልድ ማሪያና ጁሊያ የሚባሉት እኅቶች በአንድ ወንድ ምክንያት ይቀናናሉ። ዋናዋ ባለታሪክ ፋኒ ደግሞ ዓይን አፋር፣ ዝምተኛና ጥብቅ ስትሆን፣ ከገዛ እኅቷ ከሱዛን ጋር በወጉ የምትተዋወቀው መጽሐፉ ወደ ማለቂያው ሲደርስ ነው። ኤልሳቤጥን ፈልጎ የመጣው አንባቢ በሯን ሲያንኳኳ የከፈተችለት ፋኒ ነበረች።

የዚህ ቅሬታ ማስረጃ የተጠበቀው በተከሳሿ በራሷ እጅ ነው። ኦስተን ዘመዶቿና ጎረቤቶቿ ስለ ማንስፊልድ ፓርክ የሰጡትን አስተያየት አንድ በአንድ በወረቀት ላይ አሰፈረች፤ ያ ወረቀት እስከ ዛሬ አለ። እናቷ መጽሐፉን እንደ ቀዳሚው አልወደዱትም፤ ፋኒንም ለዛ ቢስ ሆና አግኝተዋታል። የምትወዳት እኅቷ ካሳንድራ ሥራው በብልኀቱ ከቀዳሚው እንደማያንስ፣ በአንጸባራቂነቱ ግን እንደማይደርስበት ተናግራለች። አንዲት ጎረቤት ደግሞ ሁለቱን የቀድሞ መጻሕፍት ከንቱ ነገር አድርጋ እንደምትቆጥራቸው ሳትሸሽግ ይህንኛው እንደሚሻላት ተስፋ አድርጋ ጀምራ፣ የመጀመሪያውን ቅጽ እንደጨረሰች ከባዱን ያለፈችው መስሏት ራሷን አጽናንታለች። ደራሲቷ ይህን ሁሉ ያለ ቁጣና ያለ መልስ መዝግባ አስቀመጠችው። በርጫ ላይ ስሙ ከተነሣ በኋላ ለአንድ ወር የማይታይ ደራሲ ቢኖር ይህን ወረቀት ቢያይ ይጠቅመዋል።

ከእነዚህ አስተያየቶች ውስጥ ብዙዎቹን የሚያገናኛቸው አንድ ክር አለ፤ አዲሱ መጽሐፍ የሚለካው በቀዳሚው ቁመት ነው። ለዚህ ተጠያቂው አንባቢው ብቻ አይደለም። የኦስተን ስም በሕይወት ሳለች በመጽሐፎቿ ላይ አይወጣም ነበር፤ በማንስፊልድ ፓርክ የርዕስ ገጽ ላይ በስሟ ፈንታ የሠፈረው የቀድሞዎቹ የሁለቱ መጻሕፍት ደራሲት የጻፈችው መሆኑ ነው። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ለሻጭ ጥሩ ማስታወቂያ፣ ለደራሲ ግን የዋስትና ፊርማ ነው፤ ገዢው ከፊት ለፊቱ ላለው መጽሐፍ እየከፈለ ቀድሞ ያነበበውን እንዲጠብቅ ያደርገዋል። በአማርኛ መጻሕፍትም ሽፋን ላይ ከደራሲው ስም ሥር የታወቀውን ሥራውን መጥቀስ የተለመደ ነው፤ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ወደ ጭሮ የሚመጣው አዲስ መጽሐፍ ለአንባቢው የሚሸጠው በአሮጌው ስም ነው። ቅሬታው ስለዚህ ከመጽሐፉ ጋር ተጠርዞ ይመጣል።

ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ ደራሲዎች ራሳቸው አንባቢ በወደደው መጽሐፍ ቅር መሰኘታቸው ነው። ኦስተን ለእኅቷ በጻፈችው ደብዳቤ፣ ዓለም የወደደላት የቤኔት እኅቶች ታሪክ ከመጠን በላይ የቀለለና ያብለጨለጨ፣ ጥላ የሚጎድለው መሆኑን በቀልድ መልክ ገልጻለች፤ ስለዚህ አንባቢ ከብርሃን ወደ ጥላ ወሰደችኝ ብሎ ያኮረፈበት መጽሐፍ ለእሷ አስፈላጊ የነበረው ጥላ ሊሆን ይችላል። በአገራችንም በዓሉ ግርማ በ1966 ዓ.ም. ያሳተመው የኅሊና ደወል አላረካውም፤ ከዓመታት በኋላ ታሪኩን አስፍቶና እንደ አዲስ ሠርቶ ሐዲስ በሚል ርዕስ አወጣው። ከአንባቢ ቀድሞ የሚያኮርፍ ደራሲ ማለት ይህ ነው፤ ልዩነቱ ኩርፊያውን በእንደገና ሥራ መወጣቱ ነው። ሩሲያዊው አንቶን ቼኾቭ ደግሞ በእ.ኤ.አ. 1901 በሞስኮ አርት ቴአትር በታየው ሦስቱ እኅቶች በተሰኘው ተውኔቱ ተቃራኒው ደረሰበት፤ ተዋናዮቹ ጽሑፉ ሲነበብላቸው አዘኑ፣ አንዳንዶቹም አለቀሱ፤ እሱ ግን የጻፈው አስቂኝ ተውኔት ስለመሰለው ተበሳጭቶ ወጣ። እኅትማማቾች በደራሲና በአንባቢ መካከል የሚጥሉት ጠብ አንዳንዴ የሚነሣው የትኛው ወገን ማልቀስ እንዳለበት ስምምነት ባለመኖሩ ነው።

ሦስቱ እኅቶች ሞስኮ ላይ በታየበት ዘመን በሩሲያ የሚማር አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት ነበር። ከዐድዋ ጦርነት በኋላ ወደ ሩሲያ ተልኮ የመድፈኛ ትምህርት የተማረው ይህ ወጣት፣ ኋላ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የተባሉት፣ የጨርጨር ገዢ ሆነው አሰበ ተፈሪን የቆረቆሩ፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት የነደፉና ኢትዮጵያን በመንግሥታት ማኅበር የወከሉ ሰው ናቸው። የምዕራብ ሐረርጌ አንባቢ የቅሬታ ሐረግ ወደ አገር ቤት የሚገባው በእሳቸው በኩል ነው። ተክለ ሐዋርያት ከአውሮፓ ከተመለሱ በኋላ በአዲስ አበባ ቴአትር ተብሎ የቀረበላቸው ነገር ዘፈንና ጭፈራ ሆኖ ስላገኙት አላረካቸውም። በርጫ ላይ ተቀምጠው ቢያሙት ኖሮ ታሪኩ እዚያው ያበቃ ነበር፤ እሳቸው ግን ብዕር አንሥተው በ1910ዎቹ መጀመሪያ ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ የተሰኘውን፣ ከእንስሳት ተረቶች ተነሥቶ የዘመኑን አስተዳደር የሚተቸውን ተውኔት ጻፉ። በዘመናዊ መልክ ተጽፎ ለመድረክ የበቃው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ተውኔት ይህ ነው፤ መኳንንቱ በበኩላቸው በአውሬዎቹ ውስጥ የገዛ መልካቸውን ስላዩ ተከፉ፣ ተውኔቱም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። የአንድ ተመልካች ቅሬታ ተውኔት ወለደ፣ ተውኔቱ ደግሞ ሌላ ቅሬታ ወለደ፤ ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም በ1941 ዓ.ም. አርአያ የተሰኘውን ልብ ወለድ አውጥተው የጽሕፈቱን መስመር ቀጠሉት።

ከዚህ የዘር ሐረግ ሁለት ዓይነት ቅሬታ ይለያል። አንደኛው ከደራሲው ያንኑ መጽሐፍ ደግሞ የሚጠይቅ ቅሬታ ነው፤ ይህ ሐዲስ ዓለማየሁን ሁለተኛ ሰብለ ወንጌል፣ ኦስተንን ሁለተኛ ኤልሳቤጥ የሚጠይቅ፣ ቢሰጡትም የሚያማ ነው። ሁለተኛው በመጽሐፉ ውስጥ የጎደለውን ለይቶ የሚያውቅ ቅሬታ ነው፤ ይህኛው ያፈራል፣ ምክንያቱም የጎደለውን በትክክል የሚያውቅ ሰው ያልተጻፈውን መጽሐፍ ግማሽ አግኝቷልና። የኅሊና ደወልን ሐዲስ ያደረገው፣ ዘፈንና ጭፈራን ወደ ፋቡላ ያሸጋገረው ይህ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ደራሲን ያስፈራል፤ ሁለተኛው ይተካዋል።

እኅትማማቾችን በሚመለከት የአማርኛ አንባቢ ቅሬታ ከሁለተኛው ወገን ስለሆነ ፍትሐዊ ነው፤ ክሱ ግን በሐዲስ ዓለማየሁ ላይ ሊመሠረት አይገባም፤ እሳቸው የገቡትን ቃል በ1958 ዓ.ም. ፈጽመዋል። የቦኬ፣ የጭሮ ወይም የገለምሶ ገበያ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚነግዱ፣ አንዷ በአማርኛ ሌላዋ በኦሮምኛ ከገዢ ጋር የሚከራከሩ፣ ማታ ሒሳባቸውንና ምስጢራቸውን አብረው የሚቆጥሩ እኅትማማቾችን የሚያውቅ አንባቢ ከማንም ደራሲ በላይ የጉዳዩ ባለቤት ነው። አንባቢ ሆይ፣ የምትወደው ደራሲ ያልጻፈልህን መጽሐፍ ለአሥር ዓመት ከምታማ ለሁለት ዓመት ተቀምጠህ ጻፈው፤ አንባቢዋ ሴት ከሆንሽም ጓዳውን ከውስጥ ስለምታውቂው የተሻለው ዕድል ያንቺ ነው። ሲታተም የሚከፋበት ሰው አይጠፋም፤ ያ ሰው ሦስተኛውን መጽሐፍ እንዲጽፍ መንገሩ ደግሞ የእናንተ ፈንታ ይሆናል።